ለውድድር የሚዘጋጁ ዋናተኞች የልምምድ ፍጥነት እንዴት ይወሰናል?

ይህ ማብራሪያ ለውድድር ውሃ ዋና ለሚለማመዱ ታዳጊዎችና ወጣቶች፣ ለወላጆቻቸው፣ ለክለብ አሰልጣኞች እንዲሁም መዋኛ ገንዳ ለሚያስተዳድሩ አካላት የተዘጋጀ ነው። ዓላማው አንድ ዋናተኛ በየዕለቱ ልምምድ በምን ያህል ፍጥነት መዋኘት እንዳለበት የሚወሰንበትን መንገድ፣ ውሳኔው የሚመሠረትበትን ስሌትና በአፈጻጸም ጊዜ ሊደረግ የሚገባውን ጥንቃቄ ማስረዳት ነው።

ኢትዮጵያውያን ዋናተኞች እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን እና በ2016 በሪዮ ዴ ጄኔሮ በተካሄዱት የኦሊምፒክ ጨዋታዎች ተሳትፈዋል። በዚህ ስፖርት ተወዳዳሪ ለማፍራት የገንዳና የውሃ መኖር ብቻውን በቂ አይደለም። በብዙ ቦታ ገንዳው ከሌሎች ተጠቃሚዎች ጋር በጋራ የሚያገለግል በመሆኑ ዋናተኛው የሚያገኘው የልምምድ ሰዓት ውስን ነው። ይህ ውስን ሰዓት ከአቅም በላይ በሆነ ፍጥነት ካለፈ ታዳጊው ለድካም፣ ለትከሻ ሕመምና ስፖርቱን ለመጥላት ይዳረጋል። ከአቅም በታች በሆነ ፍጥነት ካለፈ ደግሞ የወላጅ ወጪና የልጁ ጊዜ ያለ ውጤት ይባክናል። ስለሆነም የልምምድን ፍጥነት በልክ መወሰን ከሥልጠናው ሥራ ዋነኛው ነው።

የልምምድ ፍጥነት ሲባል ምን ማለት ነው?

በአትሌቲክስ ሯጮች "ፔስ" የሚሉት ነገር በውሃ ዋናም አለ። በውሃ ዋና ፍጥነት የሚገለጸው ዋናተኛው 100 ሜትር ለመዋኘት በሚወስድበት ጊዜ ነው። በዚህ ጽሑፍ 1፡35 ተብሎ ሲጻፍ 100 ሜትርን በ1 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ መዋኘት ማለት ነው።

በውሃ ውስጥ ትንሽ የፍጥነት ልዩነት ትልቅ የጉልበት ልዩነት ያስከትላል። ውሃ ከአየር እጅግ የጠነከረ ተቃውሞ ያለው ሲሆን፣ ፍጥነት ሲጨምር ተቃውሞውን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ኃይል በግምት የፍጥነቱን ሦስተኛ ደረጃ እየተከተለ ይጨምራል። ለምሳሌ አንድ ዋናተኛ ከ1፡35 ወደ 1፡30 ሲፈጥን ፍጥነቱ የሚያድገው በ5.6 በመቶ ገደማ ነው፤ የሚጠየቀው ኃይል ግን ከ17 በመቶ በላይ ያድጋል። አሰልጣኙ "ትንሽ ጨምር" በሚልበት ጊዜ ሰውነቱ የሚሰማው ጭማሪ ትንሽ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በመጠነኛ ፍጥነት ሲዋኝ ሰውነት የሚፈልገውን ጉልበት በአብዛኛው በኦክስጅን አማካይነት ያገኛል፤ ዋናተኛውም ለረጅም ጊዜ ሊቀጥል ይችላል። ፍጥነቱ ከአንድ ወሰን ሲያልፍ ግን በደም ውስጥ ላክቴት መከማቸት ይጀምራል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ጡንቻም በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይዝላል። ይህ ማብራሪያ ያንን ወሰን "የጽናት ወሰን" ይለዋል። የልምምድ ፍጥነቶች ሁሉ የሚለኩት ከዚህ ወሰን በላይ ወይም በታች በመሆናቸው ነው። ወሰኑ ከሰው ሰው ስለሚለያይ የሌላ አገር ሻምፒዮን የልምምድ ሠንጠረዥ ወይም የቡድን ጓደኛ ሰዓት ለሌላው ዋናተኛ መለኪያ ሊሆን አይችልም።

የጽናት ወሰንን በሰዓት ማወቅ

የጽናት ወሰንን በላቦራቶሪ የደም ናሙና በመውሰድ መለካት ይቻላል። ይሁን እንጂ ገንዳ፣ ሰዓት መያዣና ወረቀት ብቻ የሚጠይቅ ቀላል መንገድም አለ። ዋካዮሺ የተባሉ ጃፓናዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት፣ ዋናተኛው በተለያዩ ርቀቶች ካስመዘገባቸው ሰዓቶች ተነስቶ ሳይዝል ሊዘልቅበት የሚችለውን ፍጥነት ማስላት እንደሚቻል አሳይተዋል። ዛሬ በክለቦች የሚሠራበት የ400 እና የ200 ሜትር ፈተና በዚሁ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነው።

የፈተናው አካሄድ እንደሚከተለው ነው፦

1. ዋናተኛው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሰውነቱን በዝግታ ያሟሙቃል።
2. ግድግዳውን ገፍቶ በመነሳት 400 ሜትር ነፃ ቀዘፋ በሙሉ አቅሙ ይዋኛል፤ ሰዓቱ ይመዘገባል።
3. ቢያንስ ለ10 ደቂቃ በዝግታ እየዋኘና እያረፈ ያገግማል። የሚቻል ከሆነ ሁለተኛው ፈተና በማግስቱ ቢደረግ ይመረጣል።
4. በተመሳሳይ አነሳስ 200 ሜትር በሙሉ አቅሙ ይዋኛል፤ ሰዓቱ ይመዘገባል።
5. ከ400 ሜትሩ ሰዓት ላይ የ200 ሜትሩ ሰዓት ይቀነሳል፤ ልዩነቱ ለሁለት ይካፈላል። የሚገኘው ውጤት በ100 ሜትር የሚለካው የጽናት ወሰን ፍጥነት ነው።

በምሳሌ ለማስረዳት፣ አንዲት ዋናተኛ 400 ሜትሩን በ6 ደቂቃ፣ 200 ሜትሩን በ2 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ብታጠናቅቅ ሰዓቶቹ 360 እና 170 ሰከንድ ይሆናሉ። ልዩነታቸው 190 ሰከንድ ነው፤ ለሁለት ሲካፈል 95 ሰከንድ ይመጣል። ስለዚህ የጽናት ወሰኗ 1፡35 ነው ማለት ነው። ይህች ዋናተኛ 400 ሜትሩን የዋኘችው በአማካይ በ1፡30 እንደነበር ልብ ይሏል። የጽናት ወሰኗ ከዚያ በ5 ሰከንድ የዘገየው፣ 400 ሜትር በሙሉ አቅም ሲዋኝ ከወሰን በላይ የሆነ ጉልበት ስለሚወጣ ነው።

በዚህ ስሌት በቀላሉ የማይታይ ስሕተት ሊገባ ይችላል። ዋናተኛዋ ደክሟት ወይም ተሰላችታ 200 ሜትሩን በ3 ደቂቃ ብትዋኝ ልዩነቱ 180 ሰከንድ፣ ውጤቱም 1፡30 ይሆናል። አቅሟ ሳይሻሻል ስሌቱ ፈጣን አድርጎ ያሳያታል፤ በዚያ ቁጥር የሚታዘዘው ልምምድም ከአቅሟ በላይ ይሆናል። በተቃራኒው በ400 ሜትሩ አጀማመሯ ከመጠን በላይ ፈጥኖ መጨረሻ ላይ ብትዝል ውጤቱ ከእውነቱ የዘገየ ይሆናል። ስለዚህ አሰልጣኙ ከጠቅላላው ሰዓት በተጨማሪ የየ100 ሜትሩን ሰዓት መዝግቦ መያዝ ይኖርበታል። የየ100 ሜትሩ ሰዓት በሰፊው የተለዋወጠ ከሆነ ፈተናው በሌላ ቀን መደገም አለበት።

ሁለተኛው አማራጭ የ30 ደቂቃ ፈተና ነው። ዋናተኛው በተቻለ መጠን እኩል በሆነ ፍጥነት ለ30 ደቂቃ ያለማቋረጥ ይዋኛል፤ የሸፈነው ርቀትም ይለካል። 1,800 ሜትር የሸፈነ ዋናተኛ 1,800 ሰከንዱን ለ18 በማካፈል 1፡40 ያገኛል። ይህ ፈተና ጥሩ መሠረት ላላቸውና ለረጅም ርቀት ለሚዘጋጁ ዋናተኞች ይስማማል። ቀዘፋቸው ገና ላልተስተካከለ ጀማሪዎች ግን አይመከርም፤ በድካም የተበላሸ ቀዘፋን ለረጅም ጊዜ መደጋገም ስሕተቱን ያሰርጻልና።

የተገኘውን ቁጥር ወደ ልምምድ መለወጥ

የጽናት ወሰን ከታወቀ በኋላ የልምምድ ፍጥነቶች በደረጃ ይከፈላሉ። የሚከተሉት ቁጥሮች የጽናት ወሰኗ 1፡35 ለሆነው ዋናተኛ በምሳሌነት የቀረቡ ሲሆኑ፣ አሰልጣኙ እንደ ዋናተኛው ሁኔታ ሊያሻሽላቸው ይገባል።

የማገገሚያ ፍጥነት፦ ከወሰኑ በ10 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ የዘገየ ነው፤ 1፡45 እና ከዚያ በላይ። ለማሟሟቂያ፣ በከባድ ዙሮች መካከልና ለልምምድ ማብቂያ ያገለግላል። ዋናተኛው እየዋኘ ያርፋል፤ ቀዘፋውንም ያስተካክላል።

የመሠረት ፍጥነት፦ ከወሰኑ ከ4 እስከ 8 ሰከንድ የዘገየ ነው፤ ከ1፡39 እስከ 1፡43። የሳምንቱ ልምምድ አብዛኛው ክፍል በዚህ ፍጥነት ሊከናወን ይችላል። ዋናተኛው በየዙሩ መካከል ያለ ችግር ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር መቻል አለበት።

የወሰን ፍጥነት፦ ከወሰኑ በ1 ሰከንድ ከፍ ወይም ዝቅ የሚል ነው፤ ከ1፡34 እስከ 1፡36። አጭር ዕረፍት ባላቸው ዙሮች ይሠራል። ለምሳሌ 100 ሜትርን 10 ጊዜ፣ እያንዳንዱን በ1፡35 እየዋኙና 15 ሰከንድ እያረፉ መሥራት ይቻላል። ዋናተኛዋ በየ1፡50 ትነሳለች ማለት ሲሆን፣ ጠቅላላ ዙሩ 18 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጃል።

ከወሰን በላይ የሆነ ፍጥነት፦ ከወሰኑ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ የፈጠነ ነው፤ ከ1፡30 እስከ 1፡32። ዙሮቹ ያነሱ፣ ዕረፍቱ የረዘመ መሆን አለበት። ከዚህ ዓይነት ልምምድ በኋላ በማግስቱ ቀለል ያለ መርሐ ግብር ይያዛል።

የአጭር ርቀት ሙሉ ፍጥነት፦ ይህ ከጽናት ወሰን ጋር አይሰላም። 15 ወይም 25 ሜትር በሙሉ አቅም ተዋኝቶ ሙሉ በሙሉ እስኪያገግሙ ይታረፋል። ዕረፍቱ ካጠረ ልምምዱ የፍጥነት መሆኑ ቀርቶ የድካም ይሆናል።

በአንድ መስመር ብዙ ዋናተኞች በሚለማመዱበት ገንዳ ምድባው በዕድሜ ወይም በቁመት ሳይሆን በጽናት ወሰን ቢሆን ይመረጣል። ይህ ካልተቻለ ለሁሉም እኩል ርቀት ከማዘዝ ይልቅ እኩል ጊዜ ማዘዝ ይሻላል። 20 ደቂቃ በወሰን ፍጥነት ሲታዘዝ ፈጣኑ የበለጠ ርቀት ይሸፍናል፤ ዘገምተኛውም ሌላውን ለመከተል ሲል ከአቅሙ በላይ አይገፋም።

የውድድር ፍጥነትን ማዘጋጀት

የውድድር ፍጥነት የሚሰላው ከግብ ነው። ከላይ የተጠቀሰችው ዋናተኛ በ400 ሜትር 5፡48 ለመግባት ብታቅድ፣ 348 ሰከንዱ ለ8 ሲካፈል እያንዳንዱ 50 ሜትር በአማካይ 43.5 ሰከንድ ይደርሰዋል። ነገር ግን የመጀመሪያው 50 ሜትር ከመነሻው ዝላይ የተነሳ ከሌሎቹ ይፈጥናል። እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ቻይናዊው ፓን ዣንሌ 100 ሜትር ነፃ ቀዘፋን በ46.40 ሰከንድ ሲያጠናቅቅ የመጀመሪያውን 50 ሜትር በ22.28፣ ሁለተኛውን በ24.12 ሰከንድ ዋኝቷል። በዚህ ልዩነት ውስጥ የዝላዩም የድካሙም ድርሻ አለ። ስለዚህ ዋናተኛችን የመጀመሪያውን 50 ሜትር በ42 ሰከንድ፣ የቀሩትን ሰባቱን በ43.7 ሰከንድ ብታቅድ ድምሩ 347.9 ሰከንድ ሆኖ ግቧን ያሟላል። ከግድግዳ ተገፍቶ በሚጀመር ልምምድ ልትለማመደውም የሚገባት ፍጥነት 43.7 ሰከንዱ ነው፤ 42ቱ በዝላይ የሚገኝ ነው።

በረጅም ርቀት ፍጥነትን ማከፋፈል ይበልጥ ያስፈልጋል። በዚያው በፓሪስ ኦሊምፒክ አሜሪካዊው ቦቢ ፊንኬ 1,500 ሜትርን በ14፡30.67 ሲያሸንፍ በ100 ሜትር በአማካይ 58 ሰከንድ ገደማ ወስዶበታል። እንዲህ ያለ ውጤት የሚገኘው ዋናተኛው የራሱን ፍጥነት ሰዓት ሳያይ ማወቅ ሲችል ነው። ይህንን ለማዳበር አሰልጣኙ በየዙሩ ማብቂያ ዋናተኛው በስንት ሰከንድ እንደገባ አስቀድሞ እንዲገምት ካደረገ በኋላ ትክክለኛውን ሰዓት ይነግረዋል።

ገንዳ፣ ከፍታና አመጋገብ ሰዓትን ይለውጣሉ

የአንድ ገንዳ ሰዓት በሌላው ላይ በቀጥታ አይሠራም። 400 ሜትር በ25 ሜትር ገንዳ 15 መታጠፊያ ሲኖረው በ50 ሜትር ገንዳ 7 ብቻ ነው ያለው። በእያንዳንዱ መታጠፊያ ግድግዳውን መግፋት ፍጥነት ስለሚሰጥ በአጭሩ ገንዳ የሚመዘገብ ሰዓት የተሻለ ይሆናል። ለማነጻጸር ያህል ጀርመናዊው ፍሎሪያን ዌልብሮክ እ.ኤ.አ. በ2021 በአቡዳቢ በ25 ሜትር ገንዳ 1,500 ሜትርን በ14፡06.88 ዋኝቷል። ይህ ከላይ ከተጠቀሰው የፓሪስ ሰዓት ጋር በ100 ሜትር የ1.6 ሰከንድ ገደማ ልዩነት አለው። የሆቴልና የመዝናኛ ገንዳዎች ደግሞ ርዝመታቸው 25 ወይም 50 ሜትር ላይሆን ስለሚችል ከፈተናው በፊት በሜትር መለካት ግዴታ ነው። የፈተና መዝገብ የገንዳውን ስምና ርዝመት መያዝ አለበት።

ከፍታም ከግምት መግባት አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በከፍታ ቦታ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ስለሚቀንስ 200 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ ርቀቶች ይዘገያሉ፤ በ50 ሜትር ላይ ግን ተጽዕኖው አነስተኛ ነው። በመሆኑም በዝቅተኛ ቦታ የተገኘን የጽናት ወሰን ይዞ በአዲስ አበባ ልምምድ ማዘዝ ዋናተኛውን ከአቅሙ በላይ ያስገድደዋል። ቦታ ሲቀየር ዋናተኛው ጥቂት ቀናት ከተለማመደ በኋላ ፈተናው በአዲሱ ቦታ መደገም ይኖርበታል።

በጾም ወቅት የሚለማመዱ ዋናተኞችን በተመለከተ፣ የፈተናው ሰዓትና የመጨረሻው ምግብና ውሃ የተወሰደበት ጊዜ አብሮ ይመዝገብ። ጠዋት በልቶ የተፈተነን ከሰዓት በኋላ ሳይበላ ከተፈተነ ውጤቱ ጋር ማነጻጸር ስለ መሻሻልም ሆነ ስለ መዳከም የተሳሳተ ግምት ይሰጣል። ከባድ ዙሮች ምግብና ውሃ ወደሚገኝበት ሰዓት ቢጠጉ ይመከራል።

ቁጥሩ ትክክል መሆኑን በምን ይታወቃል?

የተሰላው ፍጥነት በዋናተኛው አካል ላይ መረጋገጥ አለበት። የመጀመሪያው ምልክት የቀዘፋ ቁጥር ነው። በዙሩ መጀመሪያ 50 ሜትርን በ44 ቀዘፋ የጨረሰ ዋናተኛ በዙሩ ማብቂያ ሰዓቱን የሚጠብቀው በ50 ቀዘፋ ከሆነ፣ ሰዓቱ ባይለወጥም ቀዘፋው እየተበላሸ ነው። ሁለተኛው የሰዓት መዋዠቅ ነው። በወሰን ፍጥነት ዙር ውስጥ ሁለት ተከታታይ ድግግሞሽ ከታዘዘው ከ2 ሰከንድ በላይ ከዘገየ ዙሩ ቆሞ ወደ ማገገሚያ ፍጥነት መዞር ይገባል፤ መቅጣትም ሆነ ድግግሞሽ መጨመር አይገባም። ሦስተኛው የልብ ምት ነው። ዋናተኛው ግድግዳ እንደነካ ለ10 ሰከንድ ቆጥሮ በ6 ያባዛል። ተመሳሳይ ዙር በተመሳሳይ ሰዓት ከሳምንታት በኋላ በዝቅተኛ የልብ ምት ከተሠራ መሻሻል አለ። የልብ ምቱ ያለ ምክንያት ከፍ ካለ የሕመም ወይም የድካም ምልክት ሊሆን ይችላል።

ፈተናው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይደገም። የደረት፣ የጀርባና የቢራቢሮ ቀዘፋ ተወዳዳሪዎች በዋና ቀዘፋቸው የተለየ ፈተና ያስፈልጋቸዋል።

ታዳጊዎችን የሚመለከት ጥንቃቄ

ዕድሜያቸው ለጉርምስና ያልደረሰ ሕጻናት የቁጥር ሠንጠረዥ ተከትለው በከባድ ፍጥነት እንዲለማመዱ አይመከርም። በዚህ ዕድሜ ቅድሚያ የሚሰጠው ለቀዘፋ ጥራት፣ ለትንፋሽ ሥርዓትና ለመታጠፍ ችሎታ ነው። በፈጣን የዕድገት ወቅት የሰውነት ቁመትና ክብደት ስለሚለዋወጥ የአንድ ታዳጊ ሰዓት ለወራት ባለበት ሊቆም ወይም ሊዘገይ ይችላል። ይህ የስንፍና ምልክት አይደለም። የትከሻ ሕመም የሚሰማው ታዳጊ ልምምዱን አቋርጦ በጤና ባለሙያ መታየት አለበት።

የደኅንነት ግዴታዎች

ማንኛውም የፍጥነት ፈተና ብቻ ሆኖ አይደረግም፤ ነፍስ የማዳን ሥልጠና ያለው ሰው በገንዳው ዳር መገኘት አለበት። ጥልቀቱ ባልታወቀ ወይም ጥልቀት በሌለው ገንዳ ዝላይ የተከለከለ ነው፤ ከላይ የተገለጹት ፈተናዎችም ግድግዳ በመግፋት ይጀመራሉ። ከመጥለቅ በፊት በተደጋጋሚና በፍጥነት አየር መሳብና ትንፋሽ ይዞ ረጅም ርቀት በውሃ ሥር ለመሄድ መሽቀዳደም፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ራስ በመሳት ለሞት የሚዳርግ በመሆኑ በልምምድ ውስጥ ቦታ ሊሰጠው አይገባም። ትኩሳት፣ የደረት ሕመም ወይም ማዞር ያለበት ዋናተኛ አይፈተንም።

ወላጆች ሊጠይቋቸው የሚገቡ ጥያቄዎች

ልጅን በክለብ ወይም በማሠልጠኛ ከማስመዝገብ በፊትና በሥልጠናው ሂደት ወላጆች የሚከተሉትን እንዲጠይቁ ይመከራል፦

የገንዳው ርዝመት ተለክቷል? ጥልቀቱስ በግልጽ ተጽፏል?
በልምምድ ሰዓት ነፍስ አዳኝ ይገኛል?
የልጄ የልምምድ ፍጥነት በምን ፈተና፣ መቼና በየትኛው ገንዳ ተወሰነ?
የፈተናው ሰዓት ተመዝግቦ ይቀመጣል? ወላጅስ ሊያየው ይችላል?
ልጁ የታዘዘውን ፍጥነት መጠበቅ ሲያቅተው ምን ይደረጋል?

ለእነዚህ ጥያቄዎች በቁጥርና በመዝገብ የሚመልስ አሰልጣኝ ሥራውን በሥርዓት እየሠራ ነው። የደኅንነት ጉድለት ያለበት ገንዳ ወይም ታዳጊዎችን ከአቅም በላይ የሚያስገድድ አሠራር ሲያጋጥም ጉዳዩን በአካባቢው ለሚገኝ የስፖርት ጽሕፈት ቤት ወይም ለክልሉና ለከተማ አስተዳደሩ የስፖርት ቢሮ በጽሑፍ ማቅረብ ይገባል። አቤቱታው የገንዳውን ስም፣ ቀኑንና የተፈጸመውን ድርጊት በግልጽ ቢይዝ ለማጣራት ይረዳል።